ጥርሴን ያስሞረደችኝ ቃል

«አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይላሉ። የእኔ አፍ ያመለጠው ሳዑዲ፣ ኮበር ከተማ ውስጥ፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተጋድሜ ነው። ሰው አልሰደብኩም፣ የማንንም ምሥጢር አላወጣሁም። አንዲት አጭር ቃል፣ ያውም በትሕትና፣ ያውም አምስት ጊዜ ተናገርኩ። በዚያች ቃል ምክንያት ከፊት ጥርሶቼ አንዷ ዛሬ የራሴ አይደለችም። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ማዘን ከፈለጋችሁ ግን አልከለክላችሁም። የምጽፈው እንደ እኔ በሰው ቤት፣ በሰው ቋንቋ፣ አፋቸውን ከፍተው ለሚጋደሙ እህቶቼ ነው።

ከወረታ ወጥቼ ሳዑዲ የገባሁት እንደ ፈረንጆቹ በ2015 ነው። የደረሰኝ ቤት ኮበር፣ ዐዚዚያ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ነበር። በቤቱ ውስጥ ማዳም አለች፣ ኢቃማዬን፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴን፣ የያዘው አሠሪዬ፣ ካፊሌ አለ፣ ሐጃ የምንላት የካፊሌ አሮጊት እናት አለች፣ ትልቋ ልጃቸው ኑፍም አለች። ኑፍ የጥርስ ሐኪም ናት። በዚያን ጊዜ የተጣመመ ጥርስ በሽቦ የማቃናት ሙያ እየተማረች፣ ዑለያ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ትሠራ ነበር።

እኔ ደግሞ ድርብ ጥርስ ነኝ። ነበርኩ ማለት ይሻላል። የላይኛው ክራንቻዬ ጎረቤቱን ረግጦ የወጣ፣ የፊቶቹም በገበያ ቀን እንደሚጋፋ ሰው ትከሻ ለትከሻ የተጣበቁ ነበሩ። በእኛ አገር ድርብ ጥርስ ያምራል የሚል ሞልቷል፤ አንዳንዱም ይህን እየተናገረ ይስቅብሻል። እኔ የሚስቁትን አምኜ ነው ያደግኩት።

አንድ ቀን ምሳ እያነሳሁ ሐጃ የሆነ ነገር ተናግራ አሳቀችኝ። ኑፍ ብድግ ብላ አገጬን ያዘችና «ኢፍተሒ» አለችኝ፣ ክፈቺ ማለቷ ነው። በሻይ ማንኪያ እጀታ ከንፈሬን እየገለጠች አየችኝ። እጄ ላይ የሩዝ ትሪ ስለነበር አፌን ከፍቼ፣ ትሪውን አቅፌ ቆምኩ። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ «ስፈልገው የነበረው ይሄ ነው» አለች። ለመጨረሻ ፈተናዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያከመችውን ሰው ጥርስ ማቅረብ ነበረባት። ሌሎቹ በሽተኞች መሐል ላይ እየተሰላቹ ይጠፉባታል። እኔ የት እጠፋለሁ? የምተኛው ከወጥ ቤታቸው ጀርባ ነው።

ማዳም «እድለኛ ነሽ» አለችኝ። «ሀብታም የሚያሠራውን አንቺ በነጻ፣ ቤትሽ ድረስ መጥቶልሻል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው። ጎረቤት ቤት የምትሠራው ትርንጎ፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፣ በአጥሩ በር ብቅ ብላ «አንቺማ ልትሞሸሪ ነው!» አለችኝ። እናቴ ብቻ ናት በስልክ የተቆጣችው። «ጥርስሽ ምን አደረገሽና ነው የምታስሪው? ጥጃ ነው?» አለች። ስቄባት ዘጋሁት።

ክሊኒኩ ውስጥ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አቀረቡልኝ። ኑፍ በጣቷ አሳየችኝ፤ ፈረምኩ። ፊርማዬ ያምራል፣ እሱን ስጽፍ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ከዚያ በኋላም በመጣሁ ቁጥር አፌ ተጣጥቦ ሲያበቃ አንድ ወረቀት ይቀርብልኛል፣ እኔም አሳምሬ እፈርማለሁ።

ሽቦው ሲታሰር የመጀመሪያውን ሳምንት በሾርባ ነው ያሳለፍኩት። ያንን ሁሉም ሰው ነግሮኝ ስለነበር ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት፤ ማለቴ፣ መንከስ እስከቻልኩት ድረስ። ሕመም የሽቦ ወግ ነው ተብያለሁና ስለ ሕመም ለማንም አላወራሁም። በዚያ ቤት «አመመኝ» የምትል ሠራተኛ ሰነፍ ናት።

በሦስተኛው ቀጠሮ ኑፍ ጭንብሏን እንደለበሰች ፊሊፒናዋ ረዳቷንና እኔን አየት አድርጋ «ሸወይ በርድ» አለች። ገባኝ። ሸወይ ትንሽ ነው፤ በርድ ደግሞ ብርድ። ከዐረብኛ ሁሉ ቀድሜ የያዝኩት ይህን ቃል ነበር፣ አማርኛ ስለሚመስል። ትንሽ ይበርድሻል እያለች እያስጠነቀቀችኝ መሰለኝና «ጠይብ»፣ እሺ አልኳት። አንድ ወገኑ የሚሻክር ስስ የብረት ጥብጣብ በሁለቱ የፊት ጥርሶቼ መሐል አስገብታ እንደ መጋዝ ትስበው ጀመር። ድምፁ የሚሰማኝ በጆሮዬ ሳይሆን በራስ ቅሌ ውስጥ ነበር። ቀንድ ሲፋቅ የሚሸተው ዓይነት ሽታ ሸተተኝ፤ ምላሴ ላይ ዱቄት ቀረ። ቆሻሻ እየፋቀች ነው አልኩ በልቤ። በመጨረሻ ቀዝቃዛ ውሃ ረጨችበት፣ እኔም ይኸው ብርዱ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን እውነተኛው ብርድ መጣ። ምሥራቃዊው ክፍለ ሀገር ላይ የኖረች ታውቀዋለች፤ ውጭው እሳት ነው፣ ቤቱ በረዶ ነው። ከማቀዝቀዣው ሥር አፌን ከፍቼ ካወራሁ ከጥርሴ ተነስቶ እስከ ዓይኔ ሥር የሚዘልቅ ነገር ይወጋኛል። የፍሪጁን በር ስከፍት ከንፈሬን እገጥማለሁ። በእነሱ በጋ የቧንቧው ውሃ ከጣራው ታንከር ፈልቶ ነው የሚወርደው፤ ሰው ሁሉ በሚያማርርበት በዚያ ውሃ እየተጉመጠመጥኩ እፎይ እላለሁ። ሥራ ሲቀለኝ በነሐሴ ቀትር ግቢ ወጥቼ እቆማለሁ፣ አፌን ለፀሐይ ከፍቼ። ሹፌሩ አይቶኝ ጸሎት ላይ ያለሁ መስሎት በሌላ በር ዞረ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ይህን መንገር አለብኝ አልኩ። ሕመም ያለ ነው፣ ብርዱ ግን ማንም ያልነገረኝ ነገር ነው። ወንበሩ ላይ ወጥቼ በጣቴ ሁለቱን ጥርሶች እየነካሁ «ዶክቶራ፣ በርድ» አልኳት።

ኑፍ ቅንድቧን አነሳች። «በርድ? ሂና?» እዚህ?

«አይዋ፣ ሂና። ከቲር በርድ።» አዎ፣ እዚህ፣ በጣም።

ዓይኗ ሳቀ። ለረዳቷ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ነገረቻት፤ ረዳቷ ወረቀቱ ላይ ጻፈች። ኑፍ ጥብጣቡን አንስታ እኔ የነካኋቸውን ጥርሶች መፋቅ ጀመረች። የብርዱ መድኃኒት ይሄ ነው አልኩ። ለሰባት ቀን ባሰብኝ። ሲብስብኝ ጊዜ በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠንከር አድርጌ ነገርኳት፤ እሷም ጠንከር አድርጋ ፋቀች። እንዲህ እያልን፣ እኔ እየነገርኳት፣ እሷ እየሰማችኝ፣ አምስት ጊዜ ሆነ። ከቤት ሰው ሁሉ የምታዳምጠኝ ኑፍ ብቻ ናት እያልኩ ለትርንጎ አመሰግንላት ነበር።

ቤት ውስጥ ግን ሐኪሙ ብዙ ነበር። ማዳም «አፍንጫሽ ነው፣ ሳይነስ ነው» ብላ ፓናዶል ሰጠችኝ። ሲያድር ደግሞ «በርበሬሽ ነው» ብላ ከትርንጎ ያገኘኋትን በርበሬ ቆሻሻ ውስጥ ደፋችብኝ። ትርንጎ ቅርንፉድ አመጣችልኝ፤ ለአንድ ሰዓት ያደነዝዝና ይለቃል። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ለስሱ ጥርስ የሚሆን ሳሙና ሸጠላት። እኔ ራሴ በልቤ የሰጠሁት ምርመራ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነበር፤ እግዚአብሔር በሰጠኝ ጥርስ ስላላመሰገንኩ ነው የምቀጣው አልኩ። ትራስ አፌ ላይ ጭኜ ያለቀስኩባቸው ሌሊቶች አሉ፣ እነሱን አልቆጥርም።

በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ሽቦው ተፈታ። ጥርሶቼ እንደ ክር ቀጥ ብለው ነበር። ኑፍ ከንፈሬን በላስቲክ ገልጣ ፎቶ አነሳችኝ፣ ደጋግማ። በመስታወት ሳየው እኔም አለቀስኩ፣ በደስታ ነው። ኑፍ ለፈተናዋ ወደ ሪያድ በሄደች በሳምንቱ ከፊቶቹ አንዷ አመድ መሰለች፣ ድዴ ላይ መግል የቋጠረ እብጠት ወጣ። ከንፈሬ አበጠ። ለማዳም አሳየኋት።

«ኑፍ ስትመለስ ታይሻለች» አለች።

«መቼ ነው የምትመለሰው?»

«ስትጨርስ።»

ያወጣችኝ ሐጃ ናት። ሐጃ ስኳር አለባት፤ በየወሩ ደማም ከተማ ወዳለው ሐኪም ቤት ስትሄድ ቦርሳዋን ይዤ የምከተላት እኔ ነኝ። በዚያ ቀን የሴቶች መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ቁጥራችን እስኪጠራ ተቀምጠን፣ ሻርፔን ወደ ላይ ስቤ ፊቴን ስሸፍን አየችኝ። ሻርፑን በጣቷ ዝቅ አደረገች። ብዙ አየችኝ። ሕንጻው ታችኛው ፎቅ ላይ የጥርስ ክፍል አለ፤ ምርኩዟን እያንኳኳች ይዛኝ ወረደች። እዚያም ጥበቃ ነው። ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ግድግዳው ላይ የሚስቅ ሰው ፎቶ ተሰቅሏል፤ «ማዳም ብትሰማስ?» አልኳት።

«እኔ ሠላሳ ሁለቱንም ቀብሬያለሁ» አለች ሐጃ። «ጥርስ ምን እንደሆነ ለእኔ አትንገሪኝ። ግቢ።»

ሐኪሙ ሱዳናዊ ነበር፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ የገዳሪፍ ሰው። በልጅነቱ መተማ ገበያ አማርኛ ለቃቅሟል። «እህቴ፣ አፍ ክፈት» አለኝ። በዚያ ሁሉ ሕክምና አፌን በአማርኛ የጠራው ሐኪም የለምና ዓይኔ እንባ አቀረረ። መስታወቱን አስገብቶ አየ፤ እንደገና አየ። ከዚያ ግማሽ በዐረብኛ፣ ግማሽ በገበያ አማርኛ፣ ለሐኪሜ ምን እያልኩ እንደነገርኳት ጠየቀኝ።

«በርድ አልኳት።»

መስታወቱን አስቀመጠ። «ስንት ጊዜ?»

«አምስት ጊዜ። ይበርደኝ ነበራ!»

መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወገኑ የሚሻክረውን ያንን ጥብጣብ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። «ይህ ስሙ ሚብረድ ነው» አለ። «በሚብረድ የሚሠራው ሥራ ስሙ በርድ ነው። ብርዱም በርድ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ይጠራሉ።»

ጥብጣቡን በጣቴ ዳሰስኩት። «ሞረድ!» አልኩ ጮክ ብዬ። አባቴ ማጭዱን የሚስልበት። በጣም ደስ አለኝ፣ ምን እንደሆነ ስላወቅኩ። ከዚያ የቀረው ገባኝ። እኔ «እዚህ ጋ ይበርደኛል» ስል ኑፍ የሰማችው «እዚህ ጋ ሞርጂኝ» ብቻ ነበር። በጣም ይበርደኛል ስላት በጣም ሞረደችኝ። ጥርስ እንዲሰበሰብ ቦታ ለማግኘት መሐል መሐሉን በስሱ መሞረድ ያለ ሕክምና ነው አለ ሐኪሙ፣ አንዴ፣ በልክ። የእኔ ግን ጠንካራው የላይ ሽፋን አልቆ፣ ውስጡ ያለው ነርቭ ተራቁቶ፣ ሁለቱ ጥርሶች ሞተዋል። የአንዷን ሥር አጽድቶ አተረፋት። አመድ የመሰለችውን ግን ማዳን አልቻለም፤ ሐጃ ለስኳሯ በሄደች ቁጥር እየወሰደችኝ፣ በሦስተኛው ቀጠሮ ነቀላት። ሁሉንም በሐጃ ስም አስመዘገበ። የተነቀለችውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። በቦታዋ ላንቃዬ ላይ የምትለጠፍ፣ አንዲት ጥርስ ያላት ሮዝ ላስቲክ ሠራልኝ፣ ቋሚው እስኪሠራ ድረስ።

ኑፍ ተመለሰች። ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ነው የነገርኳት፤ ሞኝነቴ ይታያችሁ። በርድ ብርድ መሆኑን፣ ሞረድ መሆኑን፣ አምስቱን ቀጠሮ አስረዳኋት። አፏን ይዛ ሰማችኝ። ከዚያ ሳቀች። ሶፋው ላይ ወድቃ፣ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። «ማማ! ማማ፣ ነዪ ስሚ!» እናቷ መጣች፤ ደገመችላት፤ ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድላት ስልኳ ላይ ፋይሌን ከፍታ አሳየችኝ። አምስት ቦታ «በታካሚዋ ጥያቄ ተሞርዷል» ተብሎ ተጽፏል። ከየሥሩ ያማረው ፊርማዬ አለ። ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ክፉ አይደለችም፣ የሚያስቅ ነገር ነው ያገኘችው።

ከዚያ ቀን በኋላ የቤቱ ጨዋታ እኔ ሆንኩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ማዳም ከወጥ ቤት ትጠራኛለች፣ «ተዓሊ፣ ነዪ፣ የበርድን ታሪክ ንገሪያቸው።» እነግራለሁ። የዐረብኛዬ ስብርባሪነት ያስቃቸዋል። የመጀመሪያ ቀን አፍሬ ተናገርኩ፤ በሦስተኛው ቀን የኑፍን ቅንድብ እያሳየሁ፣ የጥብጣቡን ድምፅ በአፌ እያሰማሁ ተናገርኩ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከሞረዱ ይልቅ ዛሬም የሚቆጠቁጠኝ ያ ሳቅ ነው። ቀስ በቀስ ስሜም ጠፋ። «ያ በርድ፣ ሻይ!» ይሉኛል፣ አንቺ በርድ ማለታቸው ነው፤ እኔም አቤት እላለሁ።

እህቶቼ፣ ምክር ብዬ የማስቀምጠው ትንሽ ነው። የሚመስል ቃል ከማይመስል ቃል ይብሳል፤ አማርኛ የሚመስል ዐረብኛ ስትሰሙ ደግማችሁ ጠይቁ። በቃል ብቻ አትታመኑ፣ በምልክት አሳዩ፤ ከቻላችሁ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በስልክ አስገቡ። ያላነበባችሁትን ወረቀት አትፈርሙ፣ ፊርማችሁ ቢያምርም። አዲስ ስሜት ከመጣባችሁ ሕክምናውን ላደረገው ብቻ አትንገሩ፤ ሌላ ሐኪም ይየው። እኔ ዛሬ አገሬ ነኝ፣ እበላለሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃም በአንድ ወገን እጠጣለሁ። እዚህ ለመድረስ ግን አንድ ቀን መቆም ነበረብኝ።

ያ ቀን ኑፍ ፈተናዋን ያለፈችበት ድግስ ነው። ሳሎኑ በሴቶች ሞልቷል። በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ የእኔ አፍ ይታያል፣ በፊትና በኋላ፤ ፊት የለውም፣ አፍ ብቻ ነው። ጥርሶቹ ነጭና ቀጥ ያሉ ናቸው። እልልታው ደመቀ። እኔ የቴምርና የቡና ትሪ ይዤ በመሐላቸው አዞራለሁ። አንዷ «የማን ጥርስ ነው?» ስትል ማዳም እጇን አጨበጨበችና «ያ በርድ! ነዪ፣ አንቺ ንገሪያቸው» አለች።

ነገርኳቸው። ሳቁ። ሐጃ ብቻ ምርኩዟን እያየች ነበር። የተለመደው ማብቂያ ላይ ስደርስ፣ እነሱም ገና እየሳቁ ሳለ፣ ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩና ሮዟን ላስቲክ አውጥቼ ትሪው ላይ፣ ከቴምሩ አጠገብ አስቀመጥኳት። በቴሌቪዥኑ ላይ ያሉት ጥርሶች ዛሬ ምን እንደሚመስሉም ፈገግ ብዬ በራሴ አፍ አሳየኋቸው። አጠገቤ ያለችው ሴት ቴምር ልትወስድ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች።

ማዳም ድምፅዋን ሳትለውጥ «ትሪውን አንሺ» አለች። «በደንብ እጠቢው።»

ወጥ ቤት ገብቼ ትሪውን ማጠብ ጀመርኩ። ኑፍ ተከትላኝ መጣች። በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገችና ወደ ሳሎኑ እያየች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ነገ ወደ ክሊኒኳ እንድመጣ፣ ቋሚውን ጥርስ ራሷ እንደምትተክልልኝ፣ ጎረቤት ጥርሶቹንም ሽፋን እንደምታለብስልኝ፣ ይህን ግን ለማንም እንዳልናገር ነገረችኝ። እጇን ወደ አገጬ ዘረጋች።

«ባላሽ» አለችኝ። «ኩሉ ባላሽ።» ሁሉንም በነጻ ማለቷ ነው።

ባላሽ በዐረብኛ ነጻ ነው፤ ብላሽ በእኛ ደግሞ ከንቱ፣ የተበላሸ። ይህችን ቃል ግን በሁለቱም ቋንቋ በትክክል ነው የሰማኋት። ላስቲኳን አለቅልቄ ቦታዋ መለስኩ፣ ከንፈሬን ገጠምኩ፣ እጇንም ከአገጬ ላይ አነሳሁት።

«ላ»፣ አይሆንም አልኳት።